የእድር ገንዘብ ለጤና መድን መዋጮ ቢውልስ? (ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ፣ ገላንና አካባቢው ላላችሁ)

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። 180 አባላት አሉን፤ አብዛኞቻችን ከተለያየ የመሀል ከተማ ሰፈር ተነሥተን እዚህ የተገናኘን ነን። እድሩ ጠንካራ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የተሟላ ነው፤ በባንክም ተቀማጭ አለን። የሚያስጨንቀኝ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። በቅርቡ ከቀበርናቸው መካከል ገንዘብ ሲያጥራቸው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። ለቀብራቸው ያወጣነው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት በበቃቸው ነበር። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ለጉባኤው ያቀረብኩት ሐሳብ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ አባል በወር 20 ብር ይጨምር። በወር 3,600፣ በዓመት 43,200 ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ቤተሰብ በዓመት እያዋጣ ውል ባለው ጤና ተቋም የሚታከምበት) መዋጮ ላቃታቸው አባላት እንክፈል፤ የሚተርፈው ደግሞ መድኑ ለማይሸፍነው ወጪ ይዋል። ግማሹ ሰው ደገፈ፣ ግማሹ «እድር የተቋቋመው ለሐዘን ነው» ብሎ ተቃወመ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። በጤናው ሥራ ያላችሁ፣ በሰፈራችሁም የሞከራችሁ ካላችሁ ምክር እፈልጋለሁ። ገንዘቡ የሚቀድመው መዋጮው ላይ ነው ወይስ ሕክምናው ላይ?

ነርስ፣ አቃቂ

ጸሐፊ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ፤ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። መዋጮው ይቀድማል፣ ያለ ጥርጥር። የታደሰ የመድን መታወቂያ ያለው ቤተሰብ ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለላብራቶሪና በእኛ ዘንድ ላለው መድኃኒት አይከፍልም። ከአቅማችን በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ጽፈን ወደ ሆስፒታል እንልካለን፤ ለእኛ አካባቢ ቅርቡ ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። ከዚያም ካለፈ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ አባል ለቀዶ ሕክምናም ሆነ ለአልጋ ይህን ያህል አዋጣ አይባልም። የሚጎዳው ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሚሄደው ነው። ሪፈር ከሌለው ከኪሱ ይከፍላል፣ ከዚያም «መድኑ ከንቱ ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል።

የእድሩ ገንዘብ የማያስፈልጋቸው ነገሮችም አሉ። ወሊድ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም አባል ለሆነውም ላልሆነውም በነፃ ነው። ለእነዚህ ብላችሁ አንድ ብር አታውጡ።

ሰው የሚሸነፈው ወዲህ ነው። የታዘዘው መድኃኒት መደርደሪያችን ላይ የለም። የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል አልቋል። ሆስፒታሉ ለሲቲ ስካን ወረፋ ሰጥቶ ወደ ግል ተቋም የሚያስሮጥ ሕመም ይመጣል። ታማሚው ሁለት ታክሲ ቀይሮ ነው የሚደርሰው፤ ያመጣችው ልጁ የዚያን ቀን የቀን ሥራዋን ትታ ነው። መድኑ ለእነዚህ መልስ የለውም። የእድሩ ሁለተኛ ድርሻ መሆን ያለበት ይህ ይመስለኛል።

የሂሳብ ባለሙያ፣ አያት

ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ መስመር ይሰመር። እድሩ ራሱ መድን ሰጪ አይሁን። 180 ቤተሰብ ለመድን ቋት፣ ማለትም ሁሉም አዋጥቶ የታመመው ለሚታከምበት የጋራ ገንዘብ፣ በጣም ጥቂት ነው። አንድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወይም ሁለት የካንሰር ታማሚዎች በአንድ ዓመት ቢያጋጥሙ 43,200 ብሩ በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የታመመው አባል ለምን ለእኔ አልተከፈለም ቢል መልስ የላችሁም። የወረዳው ቋት ግን የብዙ ሺህ ቤተሰብ ነው፣ ከበላዩም የከተማ አስተዳደሩ አለ። ስለዚህ ትልቁን ሕመም ለትልቁ ቋት አሸክሙት። የእናንተ ሥራ ሰዉ ያ ቋት ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው የሚመዘገበው ሲታመም ነው። ጤነኛው ውጭ ቀርቶ ሕመምተኛው ብቻ ከገባ ቋቱ ይደርቃል፣ ጤና ጣቢያዎችም ገንዘባቸው በጊዜ ስለማይመለስ መድኃኒት መግዛት ያቅታቸዋል። እህታችን ነርሷ የነገረችን የባዶ መደርደሪያ ችግር አንዱ ምንጭ ይህ ነው። እድር 180ውንም ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ቢያስመዘግብ ለራሱ አባላት ብቻ ሳይሆን ለወረዳው ሁሉ ይጠቅማል።

ጡረተኛ መምህር፣ ጀሞ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ጥቂት ታሪክ ልጨምር። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሀገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ነው። የታሰበው ለገበሬውና በከተማ መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነበር። ለደመወዝተኛና ለጡረተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የማኅበራዊ ጤና መድን ታወጀ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ በደንብ ተወሰነ። የመጀመሪያው ከወረዳ ወረዳ ሲስፋፋ ሁለተኛው በወረቀት ላይ ዓመታት አሳለፈ። በዚህ መካከል እንደ እኔ ያለው ጡረተኛ የጡረታ ገንዘቡን ይዞ በሁለቱ ወንበር መሀል ወደቀ።

ስለ ድሆች አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። መዋጮ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በነዋሪው ተመርጦ፣ ወረዳው አጽድቆ፣ መዋጮው በመንግሥት እንዲሸፈን ሥርዓቱ ይፈቅዳል። እድሩ ከኪሱ ከመክፈሉ በፊት የእነዚህን ሰዎች ስም ይዞ ወረዳ ይሂድ። መብት ያለውን ሰው በምጽዋት መሸፈን መብቱን መንጠቅ ነው፣ ለእውነተኛው ችግረኛ የሚሆነውንም ገንዘብ ያሳጣል። ዝርዝሩ ደግሞ በጉባኤ መሀል አይነበብ! በአንድ እድር የችግረኞች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ሰምቼ አንዲት እናት ተነሥተው ሲወጡ አይቻለሁ። እኒያ እናት ከዚያ ወዲህ ለመታከም ፈቃደኛ አልሆኑም። ሦስት ታማኝ ሰዎች ብቻ ይወቁት።

የሌላውን ሀገር ልምድ ለሚፈልግ፦ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር፣ በ2005 በከተማ የሕክምና እርዳታ ሥርዓት ስትጀምር ለእርዳታው ሁለት ሥራ ሰጠችው። አንደኛው ለድሃው የመድን መዋጮውን መክፈል ነው፤ ሁለተኛው መድኑ ከከፈለ በኋላ በታማሚው ላይ ከሚቀረው ከፊሉን ማንሣት ነው። ሩዋንዳም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መዋጮውን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ የመጨረሻውን ድሃ መዋጮ መንግሥት እንዲከፍል አደረገች። ጸሐፊው ያመጡት ሐሳብ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሥርዓቱን የተከተለ ታማሚ ላይ የሚቀረው ዕዳ የሆስፒታል ደረሰኝ ሳይሆን የታክሲና የመድኃኒት ቤት መሆኑ ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ገላን

መምህር፣ በሁለት ወንበር መሀል ያሉት እኛም ነን። ደመወዝ ስላለን የማኅበረሰብ አቀፉ አይመለከታችሁም እንባላለን። ድርጅታችን የቡድን የሕክምና መድን አልገዛልንም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው እንዲያሳክም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን ልጄ የሳንባ ምች ሲይዘው ያ የሥራ ጉዳት አይደለም። እኔ ራሴ ብታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሁለት ወር ግማሽ አገኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሕክምናው ወጪ የሚከብደውም በዚያው ጊዜ ነው። ጸሐፊ፣ በእድራችሁ ውስጥ እንደ እኛ ያሉ ቤተሰቦች አይጠፉም። ለእነሱ ምን አሰባችሁ?

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመምህር የዝርዝር ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ኮሚቴው ሦስት ሰው ብቻ እንዲሆን አቀርባለሁ። ወንድሜ ከገላን፣ ለደመወዝተኞች መዋጮ መክፈል አንችልም፣ ወረዳው ካልመዘገባቸው ገንዘባችን የትም አይደርስም። ከሁለተኛው ድርሻ ግን፣ ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ ከሚሆነው ማለቴ ነው፣ ማንም አባል እኩል መጠየቅ ይችላል። ለእናንተ ትልቁ መፍትሔ በሠራተኛ ማኅበራችሁ በኩል ድርጅቱ የቡድን መድን እንዲገዛ መጠየቅ ይመስለኛል።

የጉሊት ነጋዴ፣ ለገጣፎ

እኔ ቃሪያና ሽንኩርት ቸርቻሪ ነኝ። የመዋጮው ችግር ለእኔ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ በአንድ ጊዜ መጠየቁ ነው። የእድሳቱ ወቅት ሲደርስ የልጆች ወጪ ይገጥማል፣ ወይ ዕቃ ለማምጣት ገንዘቡ ተይዟል። ስለዚህ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ከሳምንታዊው እቁባችን ጎን ትንሽ ትንሽ የምናስቀምጥበት ደብተር ከፈትን፤ የእድሳቱ ጊዜ ሲደርስ ሰብሳቢዋ ሁላችንንም ይዛን ትሄዳለች። እስካሁን ከመካከላችን የመድን መታወቂያዋ ሳይታደስ ጊዜው ያለፈባት የለችም። ጸሐፊ፣ ሰዉ ሁሉ ድሃ ስለሆነ አይደለም የማይከፍለው። እንዲህ ቢደረግለት በራሱ የሚከፍለው ብዙ ነው፣ የእድሩም ገንዘብ ለእውነተኛው ችግረኛ ይተርፋል።

ሌላው የድንበሩ ነገር ነው። ለገጣፎ የሸገር ከተማ ነው፣ እድሬ ግን አያት በኩል ነው፣ ልጄም የምትማረው እዚያው ነው። መታወቂያዬ የሚሠራው በተመዘገብኩበት ከተማ ውል ባላቸው ተቋማት ነው። ከቤቴ በእግር የምደርስበት የአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ «የእናንተ ወዲያ ነው» ብሎ መለሰኝ። ልጄ በትኩሳት ትቃጠል ነበር። በዚያ ሰዓት የአስተዳደር ወሰን የት ላይ እንዳለ የሚያስብ ወላጅ የለም። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። እድራችሁ ውስጥ ከወሰኑ ማዶ የሚኖር አባል ካለ፣ የሚመዘገበው በሚኖርበት እንጂ በእድሩ ሰፈር እንዳልሆነ ከወዲሁ ንገሩት።

ነርስ፣ አቃቂ

እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ለሁሉም የሚጠቅም ነገር ልናገር፤ ድንገተኛ ሕመም ሪፈር አይጠይቅም። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲሆን በቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ መታወቂያውን አሳዩ፣ ሐኪሙ «ድንገተኛ» ብሎ በካርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። ያ ጽሑፍ ከሌለ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል። የመኪና አደጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ እስከተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ ድረስ የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ጤና ተቋሙም አስቀድመህ ክፈል ማለት አይችልም። ገንዘቡ ሩቅ ላያስኬድ ይችላል፣ ግን የመጀመሪያዋን ሰዓት ያሻግራል። የደብረ ዘይትን መንገድ በየቀኑ የምታቋርጡ ሁሉ ይህን እወቁ።

መድኃኒት ሲጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ እንዲጻፍና ማኅተም እንዲደረግ ጠይቁ። ወረዳችሁ ከከነማ (የከተማ አስተዳደሩ መድኃኒት ቤት) ጋር ውል ካለው በዚያ ማኅተም ትወስዳላችሁ። ባይኖረውም የከነማ ዋጋ ከአብዛኛው የግል መድኃኒት ቤት ይቀላል። የእድሩ ኮሚቴ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ይህችን ማኅተም ቢጠይቅ ሁለት ነገር ያገኛል። ገንዘቡ ለታዘዘው መድኃኒት መዋሉን ያውቃል፤ በዓመቱ መጨረሻም ጤና ጣቢያችን የትኛውን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንዳጣ በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። ያንን ይዛችሁ ብትመጡ እኛ ሠራተኞቹ ራሳችን እንደግፋችኋለን።

አባቱ የኩላሊት ታማሚ የሆነ፣ ሰበታ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ። አባቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ነው። መታወቂያችን ታድሷል፣ ሪፈራችን ትክክል ነው፣ ግን ቋሚ እጥበት ከአገልግሎቱ ጥቅል ውጭ ነው ተባልን። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውጭ ሀገር ሕክምናም እንደዚሁ ናቸው። እጥበት ግን መነጽር አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተደረገ ሰው ይሞታል። በመንግሥት ሆስፒታል ያለው ዋጋ ከግሉ ያነሰ ነው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። እድራችን ለአባቴ አንድ ጊዜ ገንዘብ አሰባስቦ ሰጥቶናል፣ ሰፈሩም በሙሉ አዋጥቷል። እስከ ዘለዓለም እንዲያዋጡ መጠየቅ አልችልም።

ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እድሮች ገንዘብ ሲያስቀምጡ «ለሁሉም ሕመም» ብለው ቃል አይግቡ። መድኑ ምን እንደሚተው አስቀድመው ለአባላት ይንገሩ። እኛ ያወቅነው የመጀመሪያው ቀጠሮ ደርሶ ካሼር መስኮት ላይ ቆመን ነው። ቢነገረን ኖሮ ቢያንስ ለደም ግፊቱ ክትትል ቀድመን እንሯሯጥ ነበር፤ የአባቴ ኩላሊት የተጎዳው በእሱ ነውና።

የሂሳብ ባለሙያ፣ አያት

ወንድሜ፣ አይዞህ። አባትህን ፈጣሪ ይማርልህ። የጻፍከው ነገር ለጸሐፊው ጥያቄ ከሁላችን የተሻለ መልስ ይመስለኛል። የእድሩ ሁለተኛ ድርሻ ቀድሞ መዋል ያለበት ለደም ግፊትና ለስኳር መድኃኒት ነው። አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ከእጥበት ጋር የሚወዳደር ዋጋ የላቸውም። መደርደሪያ ላይ በጠፉበት ወር አንድ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማድረግ በዚያች ትንሽ ገንዘብ ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ይበልጣል።

የእድር አባል፣ ቃሊቲ

እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴንም በግልጽ እናገራለሁ። እናቴ ስታርፍ ቤታችን ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። እድሩ መጥቶ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ፣ አስክሬኑን አንሥቶ በክብር ቀበረልን። ያን ቀን ኮሚቴው «ገንዘቡ ለመድኃኒት ወጥቷል» ቢለን ምን እንሆን ነበር? ሕክምና የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ድሃ ከድሃ አዋጥቶ መንግሥት ያጎደለውን መሙላት ከጀመረ ማንም ጎደለ ብሎ አይጠይቅም። ከሀገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ የሚሆነው አሁንም ከሕዝቡ ኪስ ነው የሚወጣው። እድሩም ይጨመርበት?

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። የምትለውን አከብራለሁ፤ በጉባኤያችንም ከተቃወሙት ብዙዎቹ እንዳንተ ያለ ቀን ያዩ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው የቀብሩን ተቀማጭ ሳልነካ 20 ብር ጭማሪ ያልኩት። ሂሳቡ የተለየ የባንክ ደብተር ይኖረዋል፤ ካለቀ ያልቃል እንጂ ከሐዘን ገንዘብ አይበደርም። ስለ መንግሥት ኃላፊነት ያልከው እውነት ነው፣ ነገር ግን መብታችንን ለመጠየቅ ወረዳ የምንሄደው ተመዝግበን ቢሆን ይሻላል። ያልተመዘገበ ሰው መድኃኒት ጠፋ ብሎ ቢጮኽ «አባል አይደለህም» ይባላል።

የእድር አባል፣ ቃሊቲ

የተለየ ደብተር መሆኑን መጀመሪያ አልጻፉትም ነበር። በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በጽሑፍ ከገባ ክርክሬ ይቀንሳል፣ አይጠፋም። «በማንኛውም ሁኔታ» የሚል ቃል ይኑርበት። የኮሚቴ አባላት ይለዋወጣሉ፣ ቀጣዩ ሰብሳቢ እንደ እርስዎ ላያስብ ይችላል።

የሂሳብ ባለሙያ፣ አያት

ለደንቡ የሚሆን ረቂቅ ይኸው፣ እንዳመቻችሁ አስተካክሉት፦ «የጤና ድጋፍ ሂሳብ ከመደበኛው የእድር ሂሳብ ተለይቶ ይያዛል። በማንኛውም ሁኔታ ከመደበኛው ሂሳብ አይበደርም። ገንዘቡ በቅድሚያ በወረዳው የነፃ ተጠቃሚ ዝርዝር ውስጥ ላልገቡና መክፈል ላልቻሉ አባላት የጤና መድን መዋጮ ይውላል። ቀሪው በጤና ተቋም አለመኖሩ በማኅተም ለተረጋገጠ መድኃኒት፣ ለምርመራና ለሕክምና መጓጓዣ ይውላል። የተረጂዎች ስም በጉባኤ አይነገርም፤ የወጣው ገንዘብ መጠን ግን በየሩብ ዓመቱ ይነገራል።» ለአንድ ሰው በዓመት የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ላይ ጉባኤው ይወስን፤ ያለ ጣሪያ ግን አትተዉት።

ጡረተኛ መምህር፣ ጀሞ

ረቂቁ መልካም ነው። «መክፈል ያልቻሉ» የሚለውን ማን ይወስናል? የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስለሚዞሩ ማን በምን እንደሚኖር ከኮሚቴው የተሻለ ያውቃሉ። አንዷን አማክሩ፣ በምስጢር።

የእድር ጸሐፊ፣ ቱሉ ዲምቱ

ረቂቁን ገልብጬዋለሁ፣ የመምህርንም ምክር እጨምራለሁ። ሲስተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ሥራ የሌላቸው ልጆችና አሮጊት እናቶች አብረዋቸው ይኖራሉ። በአንድ መዋጮ ይካተታሉ? ስንመዘገብስ ምን ይዘን እንምጣ?

ነርስ፣ አቃቂ

በአንዱ መዋጮ የሚካተቱት ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ለትልልቆቹ ልጆችና ለእናት ተጨማሪ መዋጮ ይከፈላል፤ መጠኑን የወረዳችሁ የጤና መድን ክፍል ይነግራችኋል። ስለዚህ በጀት ስትሠሩ በቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ ባለው ሰው ቁጥር አስቡ፣ አለበለዚያ አሮጊቷ እናት ውጭ ይቀራሉ፤ መድኃኒት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው። የነዋሪነት መታወቂያና የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ፎቶግራፍ ይያዝ። ወረዳው የምዝገባውን ወቅት ሲያስታውቅ በመጀመሪያው ሳምንት ኑ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰልፉ አጥር ይሻገራል። በጉባኤው ቀን ተረኛ ካልሆንኩ መጥቼ ለአባላቱ አስረዳለሁ፤ ቀኑን እዚሁ ጻፉልኝ።